የመመለሴ ማስረጃ

ፓላ፣ ኬረላ
ጁን 11 ቀን 2017

ለእህቴ ለአቻማ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ተረጂልኝ፦ የጀርመኑን ቪዛ ከለከሉኝ፤ ይህ ግን አልመጣም ማለት አይደለም። ሁለቱን ነገሮች ለያይተሽ ያዢና የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቢ።

እንደምን ከርመሻል? ጆሮሽስ? ይህን ያህል ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፓስፖርቴ ከተመለሰልኝ ሰንብቷል። ስልክ አትሰሚም፤ ደብዳቤውን ደግሞ ነገ እጽፋለሁ ስል ዝናቡ ገባ። ሚናቺል ወንዝ ሞልቶ እስከ ታችኞቹ የጎማ ዛፎች ደርሷል። የጎማውን ወተት የሚቀዱት ሰዎች ሥራ ፈትተው የሻይ ቤቱን አግዳሚ ሞልተውታል።

ወረቀቱን ማን እንዳዘጋጀልኝ ጠይቀሽኛል። ቤኒ ነው። ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ። ጀርመንን በካርታ ላይ አሳይ ስለው ጣቱን ብራዚል ላይ ያሳረፈ ልጅ፣ ዛሬ በአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት የጉዞ ወኪል ሆኖ የአገሩን ግማሽ ወደ ጀርመን የሚልከው እሱ ነው። ነገሩ የተበላሸው ግን በሱ ጥፋት አይደለም። ከፎርሙ ጋር፣ ለምን ወደ አገሬ እንደምመለስ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይያያዛል። ያን ደብዳቤ እኔ ራሴ ልጻፍ አልኩ።

ቤኒ አነበበና ራሱን ያዘ። «መምህር፣ ምነው? ‹ቤት የለኝም› ብለው ጻፉ?»

«የለኝም። ቤቱ የልጄ የሳጂ ነው።»

«የሚኖሩበት እርስዎ!»

«መኖርና ባለቤትነት አንድ አይደሉም።»

«እሺ፣ ‹ከቤተሰቤ ጋር እኖራለሁ› ይበሉ።»

«ከየትኛው ቤተሰብ ጋር?»

«ኧረ መምህር! ፈተና እኮ አይደለም። ማንም አያርመውም!»

ግን አረሙት። እንደምታውቂው በኛ ዘንድ የአባት ቤት ለትንሹ ወንድ ልጅ ነው። አባታችን ለኔ አወረሰው፤ እኔም ሳጂ ባገባ ማግስት ቤቱንም መሬቱንም በስሙ አዛወርኩ። ልዩነቱ አባታችን ከኔና ከባለቤቴ ከሶሳማ ጋር ኖሮ በእጃችን መሞቱ ነው። ሳጂ ሜልበርን ነው። ሶሳማ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። መልሳቸው አንድ መስመር ነው፦ «የቪዛው ጊዜ ሳያልቅ አገሩን ለቀው እንደሚወጡ ማረጋገጥ አልተቻለም።» እንደ ተማሪ ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ስሕተት አላገኘሁበትም።

ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው የቻካ ዛፍ ያንን እሾሃም ትልልቅ ፍሬውን ዘንድሮ አፍርቶ እንደሆነም ጠይቀሻል። አቻማ፣ ዛፉ የለም። ባለፈው ክረምት ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። ሳልነግርሽ በመቆየቴ አዝናለሁ። ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለሽ ስትወድቂ ክርንሽ የተሰበረበትን ቀን እያሰብኩ፣ አናጢው ግንዱን ሲወስድ አጠገቡ መቆም አልሆነልኝም።

ልጅሽን ሞኒካን ሳሚልኝ። እንደገና አመለክታለሁ።

ወንድምሽ ቫርኪ


ክሬፌልድ
ጁላይ 3 ቀን 2017

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ቀድሞኝ ጡረታ የወጣው ጆሮዬ ብቻ ነው። ሞኒካ ስትጮህብኝ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማልሰማው።

አይ አንተ! የቪዛ ወረቀት ላይ ኑዛዜ ትገባለህ? አባ ፊት ተንበርክከህ እንኳ ይህን ያህል ተናዝዘህ አታውቅም እኮ! ሶሳማ ብትኖር ብዕሩን ከእጅህ ትነጥቅህ ነበር። እናታችን ምን ትል ነበር? «ቫርኪ እውነት ሲናገር ጠላትም ወዳጅም አብሮ ይሸሻል።»

ስለ ዛፉ ያነበብኩ ቀን እንባዬ አልቆም አለኝ። ፍሬውን ሳንቆርጥ በፊት እናታችን እጃችንን በኮኮናት ዘይት ስታሸን፣ ሙጫው እንዳይጣበቅብን፤ አንተ ደግሞ ዘይቱን ፀጉርህ ላይ ስትጨርሰው። በቃ፣ አሁን የለም። እሺ።

እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ መቃብር እንኳ ኪራይ ነው፣ ታውቃለህ? የሄርማን መቃብር ጊዜው ሊያልቅ ነውና ታድሺዋለሽ ወይስ ይነሣ የሚል ወረቀት መጣልኝ። ባሌን ከመሬት ውስጥ ሊያስለቅቁት! ሳቅሁ፤ ከዚያ ሞኒካ ለምን እንደሳቅሁ ስትጠይቀኝ ጠፋኝ።

ሞኒካ የምድጃዬን ማብሪያ ነቅላ ወስዳለች። ለምን እንደሆነ አልነግርህም፤ ትንሽ ነገር ናት። በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ ብዙ ሽማግሌ ወዳለበት ቤት ልታዛውረኝ ነው። ነርሶች አሉበት። ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ሆኜ ሰው ሳገላብጥ ኖሬ አሁን ተራዬ ደረሰ። ሐኪሙ የሚለው… እሱን ተወው። ከዚያ በፊት ና። በራሴ ቤት፣ በራሴ ስኒ ሻይ ሳላጠጣህ እንዳልሄድ። ከዚያ በኋላ ብትመጣ ምን ዓይነት ሰው እንደምታገኝ እኔም አላውቅ።

አቻማ

ረስቼው፦ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው የቻካ ዛፋችን ዘንድሮ አፈራ ወይ?


ፓላ
ጁላይ 18 ቀን 2017

ለእህቴ ለአቻማ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መጀመሪያው ላይ ስለ ዛፉ አልቅሰሽ መጨረሻው ላይ ስለ ዛፉ ጠይቀሽኛል። ቸኩለሽ መሆን አለበት። ዛፉ ወድቋል አቻማ፤ ባለፈው ክረምት።

ሐኪሙ ያለውን አልጠይቅሽም። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ስለ መቃብር ኪራይ የጻፍሽው ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ በመልካም ነው። አሰብኩት። የሚጠይቁኝ የሚያስመልሰኝ ነገር እንዳለ ነው። ቤት የለኝም፤ እውነት ነው። አብሮኝ የሚኖር ሰው የለም፤ ይህም እውነት ነው። አንድ ቦታ ግን በዚህ ምድር ላይ የማንም ያልሆነ፣ የኔ ብቻ የሆነ አለ፤ ለሳጂም አላዛወርኩትም። ሶሳማ ስታርፍ በቤተሰባችን መቃብር ድንጋይ ላይ የሁለታችንም ስም አብሮ ተጠረበ። የሷ ሙሉ ነው። የኔ ስም፣ የልደቴ ዓመት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ።

ወደ አባ ያኮብ ሄድኩ። ዝናቡ ስለበረታ እግራቸውን በሞቀ ውኃ ነክረው ጋዜጣ ያነባሉ።

«አባ፣ የምስክር ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«የጥምቀት? የጋብቻ?»

«የመቃብር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የማን?»

«የኔ።»

«መምህር፣ ሰው እኮ ሲሞት ነው የምንጽፈው። እርስዎ ሁልጊዜ የቤት ሥራዎን አስቀድመው ነው የሚሠሩት።»

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁ። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉልኝ፦ ቫርኪ የሚባለው ምእመን በቤተሰቡ መቃብር ከባለቤቱ ጎን ቦታ እንዳለው፤ ቦታው ለሌላ እንደማይሰጥ፤ እንደሚጠበቅለትም። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፤ አንደኛው ደብዝዞ ስለነበር።

ፎቶግራፉን ያነሣኝ ቤኒ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ አቆመኝና ስልኩን ደገነ። ሳላስበው ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ።

«መምህር፣ ፈገግ አይበሉ። ለቪዛ ፎቶ ፈገግታ ክልክል ነው።»

«ለመቃብርስ?»

«ለመቃብር ሕግ አላወጡም። ብቻ ትንሽ ወደ ግራ፤ ወይዘሮ ሶሳማን ከልለዋቸዋል።»

ወደ ግራ ተጠጋሁ። አቻማ፣ ዛፎቹ ያንጠባጥባሉ፤ ቤኒም ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ሞኒካ የግብዣውን ወረቀት አዲስ አውጥታ እንድትልክልኝ ንገሪያት። የመጀመሪያው ጊዜው ሊያልፍበት ነው።

ወንድምሽ ቫርኪ


ክሬፌልድ
ኦገስት 6 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ፣

በእናቴ ቋንቋ መጻፍ ስለማልችል በእንግሊዝኛ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የግብዣውን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

እናቴ የማትነግርዎትን እኔ ልንገርዎ። መርሳት የጀመረችው ካቻምና ነው። የድሮውን ሁሉ ታውቃለች፤ የዛሬው ጧት ነው የሚጠፋባት። ምድጃውን ለኩሳ ሁለት ጊዜ ረስታዋለች። ሐኪሙ ብርዱ ሳይገባ ሰው ወዳለበት ቤት ትግባ አለ። እርስዎን ዛሬ ታውቅዎታለች። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

ደብዳቤዎችዎን ትራስዋ ሥር ታስቀምጣለች። በየቀኑ ጧት አውጥታ፣ ገና አሁን እንደ ደረሷት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ምን እንደሚሉ ትተረጉምልኛለች። ሳቋ ያስደስተኛል። ከዚያ ዛፉ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች፤ እንደ አዲስ። በነጋታውም እንዲሁ። አጎቴ፣ ዛፉ በየቀኑ ይወድቅባታል።

ምን እንዲያደርጉ እንደምጠይቅዎ አላውቅም። እርስዎ እውነት እንደሚወዱ ነግራኛለች።

ሞኒካ


ፓላ
ኦገስት 21 ቀን 2017

ለልጄ ለሞኒካ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ መለስኩ። የምልሽን በቅደም ተከተል ፈጽሚ።

በመጀመሪያ የጁንንና የጁላይን ደብዳቤዎቼን ስትተኛ ከትራስዋ ሥር አውጪ። አትቅደጃቸው፤ ደብቂያቸው። ከዚያ በኋላ የምልከውን ብቻ በቦታቸው አኑሪ። ከጠየቀችሽ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም በያት።

ዕድሜዬን ሙሉ የተሳሳተ መልስ በቀይ ቀለም ሳሰምር ኖሬያለሁ። አሁን አንድ የተሳሳተ መልስ እጽፋለሁ። ሌላው ሁሉ እውነት ይሆናል፤ የምዋሸው ስለ ዛፉ ብቻ ነው። አንቺም ይህን እወቂ፤ ኋላ ቃላችን እንዳይለያይ።

እናትሽን ያሳደግናት ሁለት ሰዎች ነን፤ እናቴና እኔ። አንቺ ብቻሽን አይደለሽም ብዬ ብጽፍልሽ ከዚህ ሆኜ ምን ይረባሻል? ቪዛውን አወጣለሁ።

አጎትሽ ቫርኪ


ፓላ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017

ለእህቴ ለአቻማ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ።

ስለ ቻካው ዛፍ ጠይቀሽኛል። ቆሟል። ዘንድሮ ፍሬው እስከ ግንዱ እግር ወርዶ፣ ትልቁ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሽታው እስከ መንገድ ይሰማል። ሽኮኮዎቹ እንዳይቀድሙን በጆንያ ሸፍኜዋለሁ። ክርንሽን የሰበረሽ ቅርንጫፍም አለ።

ወረቀቴን ባለፈው ዓርብ ኮቺ ከተማ የቪዛ ቢሮ ድረስ ሄጄ አስገባሁ። አዳራሹ በወጣት ተሞልቷል፤ ሁሉም ፋይሉን እንደ ታቦት አቅፏል። አንዱ ልጅ ተነሥቶ ወንበሩን ሲለቅልኝ «አባባ፣ እርስዎም ለሥራ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ነርስ ልሆን ነው» አልኩት። ሳቀ። አንቺ ያኔ በሃያ ዓመትሽ በአንድ የብረት ሣጥን ብቻ ስትሄጂ ማን ምን ጠየቀሽ?

መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ አሻራ ልትወስድ ጣቶቼን መስተዋቱ ላይ አስጫነችኝ። መሣሪያው አላነበበም። ጠረገችልኝ፤ አሁንም እምቢ አለ።

«አባባ፣ አሻራዎ ተልጧል። ምን ሲሠሩ ኖረው ነው?»

«ጠመኔ ይዤ።»

እጄን በሁለት እጇ ይዛ በትዕግሥት ደጋገመችው። በመጨረሻ ያዘ። ከዚያ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ፎቶግራፉ ላይ ደረሰችና ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመመለሴ ማስረጃ።»

«የሚጠይቁት እኮ የሚጠብቅዎት ሰው እንዳለ ነው።»

«አለች። ስሟ ከኔ በላይ የተጻፈው እሷ ናት። ጎኗ ያለው ባዶ ቦታ የኔ ነው። እዚያ ሄጄ ልቅር ብልስ ማን ይጋራታል?»

ልጅቱ የአባ ያኮብን ወረቀትና ፎቶግራፉን ከታች አውጥታ ከሁሉ በላይ አደረገቻቸው።

አውቶቡስ ላይ ስመለስ አሰብኩት። ወደዚህ ለመመለሴ ማስረጃ አለኝ፤ ማኅተም ያለበት። ቤት ስገባ ግን መብራቱን የማበራው እኔው ነኝ። ሩዙንም ለአንድ ሰው መለካት እስከ ዛሬ አልለመደልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል፤ የተረፈውን ቁራዎቹ ይበሉታል፤ ሰዓቱን ስለሚያውቁ አጥሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ይህን በማመልከቻዬ ውስጥ አልጻፍኩትም። ቁራ ማስረጃ አይሆንም።

መልሱ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል አሉ። ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ቫርኪ


ክሬፌልድ
ሴፕቴምበር 25 ቀን 2017

ለተከበሩ መምህር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ማን እንደሆንኩ ላያውቁ ይችላሉ። አቻማ እባላለሁ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ጠመኔ ይዤ ኖሬያለሁ ያሉበት ደብዳቤዎ ደርሶኝ ዛሬ ጧት አነበብኩት። ዛፋችን እንደቆመና እንዳፈራ ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ ሰዎች ብዙ ነገር ይደብቁኛል፤ እርስዎ ግን እውነተኛ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃል።

ስለዚህ የማምነው እርስዎን ነው። ቫርኪ የሚባል ወንድም አለኝ። ምናልባት ያስተምሩት ይሆናል። ልምጣ ብሎኛል። እባክዎ መምህር፣ ብቻውን እንዳይልኩት። ወንዙን ይፈራል፤ «አልፈራም» ይላል እንጂ ሲሞላ እጄን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ደግሞ ጃንጥላውን በየቦታው ይረሳል። እናታችን ትቆጣዋለች። አይምቱት፤ ልጅ ነው።

ሊያዛውሩኝ ነው መሰለኝ። ዕቃ እየታሰረ ነው። ወንድሜ መጥቶ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንበት ፈርቻለሁ። ቶሎ ይምጣ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ አቻማ


ፓላ
ኦክቶበር 9 ቀን 2017

ለተከበሩ ወይዘሮ አቻማ፣

የላኩልኝ ደብዳቤ በደኅና ደረሰኝ። ስላመኑኝ አመሰግናለሁ።

ወንድምዎን ቫርኪን በሚገባ አውቀዋለሁ። አሁንም ወንዙ ሲሞላ ይፈራል፤ አሁንም «አልፈራም» ይላል። ያሳሰበዎትን ጉዳይ በቅደም ተከተል ላስረዳዎ።

ቪዛው ተሰጥቶታል። ባለፈው ሐሙስ ቤኒ የሚባል የቀድሞ ተማሪ ፓስፖርቱን ይዞ በዝናብ እየሮጠ መጣ። ከአጥሩ ውጪ ሆኖ «መምህር፣ መቃብሩ አለፈ! መቃብሩ አለፈ!» እያለ ሲጮህ፣ ጎረቤት ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ወጣ። ወንድምዎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ጥቂት ቆየ።

የተፈቀደለት ለሃያ ቀን ነው። ኖቬምበር 12 ቀን ጧት እርስዎ ዘንድ ይደርሳል፤ ዕቃዎ ከቤት ሳይወጣ በፊት ማለት ነው። ልጅዎ ሞኒካ ቀኑን ታውቃለች፤ ቤቱ እስኪመጣ እንዳለ ይቆያል። ብቻውን ይመጣል፤ በዚህ አይጨነቁ፤ በመንገዱ ላይ ወንዝ የለም። ጃንጥላውን በገመድ ከሻንጣው ጋር አስሬለታለሁ።

ከዛፉ ፍሬ በኮኮናት ዘይት የተጠበሰ ቻካ በትልቅ ቆርቆሮ ይዞልዎ ይመጣል። እናታችሁ አልተቆጣችም። ማንም አልመታውም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ልጅ ነው ብለውኛል። እርስዎ ካዩት ወዲህ ትንሽ አድጓል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ጎብጧልም፤ ጣቶቹም ተልጠዋል። ስለዚህ በርዎን ሲያንኳኳ «ይህ ሽማግሌ ማን ነው?» ሊሉ ይችላሉ። ቢሉም አይቀየምም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ያውቅበታል። ቢሆንም ከሩቅ የሚመጣ ሰው በምን እንደሚታወቅ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

እባክዎ ይህን ይጻፉልኝ። ወንድምዎን ከሰው ሁሉ መካከል በምን ይለዩታል? ዘፈንም ይሁን፣ ልብስም ይሁን፣ እናታችሁ ትጠራው የነበረ ስምም ይሁን፣ የትኛውንም ይጻፉልኝ፤ ይዞት ይመጣል። ከመነሣቱ በፊት እንዲደርሰኝ፣ እባክዎ ይህ ደብዳቤ በእጅዎ እንደገባ መልሱን ዛሬውኑ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ
መምህሩ